ከኋላ ወንበር ሥር የነበረው ሳጥን

በአቃቂ ቃሊቲ ምድር ለመኪና ባስ፣ ወፍራሙን የሙዚቃ ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር፣ መርጦ በማስገጠም የሚስተካከለኝ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ጉራ የሚባለው ውሸት ሲሆን ነው። የኔ ሚኒባስ በአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲያልፍ እንቁራሪቶቹ ጩኸታቸውን አቋርጠው ያዳምጡ ነበር። ቃሊቲ ላይ ቆሜ ድምፁን ከፍ ሳደርገው የሳሪስ ዶሮዎች እንቁላላቸውን ከቀኑ አስቀድመው ይጥላሉ ተብሎም ይወራ ነበር። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ቢሆንም ተወርቷል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በስንት ልመናና በስንት ዕቁብ የገዛትን አሮጌ ትንሽ መኪና ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ጠራኝ።

«አባዬ፣ ና እስቲ ጋቢና ግባ። ባስ አስገጥሜያለሁ። አንተ ነህ የምትፈርደው፤ ሁልጊዜ ‹በዚህ አገር ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም› ትል የለ?»

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። እንደ ጠጅ ቀማሽ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው ውስጥ ሙጫና አዲስ ምንጣፍ ይሸታል፤ የባስ ሳጥን አዲስ ሲለብስ የሚሸተው ሽታ ነው። ያ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

እንግዲህ ጉራዬን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያ ዝነኛ ባሴ በተከፈተ ማግስት መኪናዬ ባዶዋን ነው የሄደችው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነበር። ካሴት ገና አልሞተም፤ ሲዲ ግን እንደ ሀብታም ዘመድ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። እኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነኝ፤ የአጎቴን ሚኒባስ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ሳሪስ፣ ሲቀናኝም እስከ ለገሃር እነዳለሁ። ሰፈርተኛው «ቢራቢሮ» ይለኝ ነበር። መልኬ አምሮ አይደለም፤ አንድ ቦታ መቆም ስለማልችል ነው። መንገድ ሲዘጋ እግሬ ይነዝራል። ተራ ስጠብቅ መኪናዬን እየዞርኩ ጎማ እረግጣለሁ። ቁርሴን እንኳ ግማሹን ተቀምጬ ግማሹን ቆሜ ነው የምበላው። እናቴ፣ «አንተን ሳረግዝ ባቡሩ በደጃፌ እያለፈ ነበር፤ አብረኸው ልትሄድ ፈልገህ ነበር መሰለኝ» ትለኝ ነበር።

የዚያን ጊዜው መንገድ ደግሞ ለቢራቢሮ የሚሆን አልነበረም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ በሁለቱም ወቅት ወደ ናዝሬት የሚወርድ የጭነት መኪና። ወንዙ ዳር ስትደርስ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ተቀብሎ ያሳልፍሃል፤ ትንሽ ወደፊት ስትል ዳቦ ቤቱ ይክስሃል። ቅዳሜና እሑድ የማረሚያ ቤት ጠያቂዎች ምሳ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለሚሳፈሩ መኪናው ውስጥ ወጥ ወጥ ይላል፤ ሹፌሩ ሳይበላ ይጠግባል። በሥራ ቀን ጠዋት ግን የኔ መኪና የሚሸተው ጥጥ ነበር።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የሚወጡ ሴቶችን ነበር የምጭነው። ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ ሹራባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፤ በሐምሌ ጠዋት ጉም ውስጥ ሲወጡ በረዶ የወረደባቸው ይመስላሉ። ፋብሪካው በር ላይ ተራ አስከባሪ የለም፤ ደስ ያላቸው መኪና ውስጥ ነው የሚገቡት። ከነሱ መካከል አንዷ፣ የሺ የምትባለው የሽመና ክፍል ሠራተኛ፣ ሁልጊዜ እኔ መኪና ጋቢና ላይ ነበር የምትቀመጠው።

ስለ የሺ መልክ ብናገር አጋንናለሁ፤ ስለዚህ አልናገርም። ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ እሷ ጋቢና ላይ ከተቀመጠች እኔ ቢራቢሮው ጉድጓድ እየመረጥኩ፣ ፍሬን እየረገጥኩ፣ ሳሪስ የምደርስበትን ጊዜ ለማዘግየት የማልፈጥረው ምክንያት አልነበረም። የእሷን ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰውም አላየሁም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ወደ መስኮቱ ትዞራለች፤ አለቀ። ያ ዝምታዋ ነበር የሚያብከነክነኝ።

አንድ ጠዋት ካሴት ከፈትኩና ደፈር ብዬ ጠየቅኋት።

«ዘፈኑን ወደድሽው?»

«አይሰማኝም።»

ድምፁን ጨመርኩ። «አሁንስ?»

«አይሰማኝም አልኩህ እኮ። ተወው።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ተወው» የሚለውን ይሰማ ነበር። እኔ የሰማሁት «አይሰማኝም» የሚለውን ብቻ ነው። እውነትም የመኪናዬ ቴፕ ድምፁ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ትንኝ ነበር። አፈርኩ። ይህች ልጅ እንደዚህ ዝም የምትለው የምትሰማው ነገር አጥታ ነው፤ በኔ ቴፕ ድክመት ነው፤ አንድ ጥሩ ባስ ቢኖረኝ ዘወር ብላ ታየኛለች፤ ካየችኝ ደግሞ ያለቀ ነገር ነው። በሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ነው የሚታሰበው። የሹፌሮች ዕቁብ በዚያው ሰሞን ሲደርሰኝ፣ የቆዳ ጃኬት ሊገዛበት የታሰበው ብር መንገዱን ቀይሮ ወደ ከማል ሱቅ ሄደ።

ከማል በሰቃ ውስጥ የመኪና ሙዚቃ የሚገጥም የስልጤ ልጅ ነው። እጁ ጥሩ ነበር፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይበልጣል። በአገሩ ላይ ከኔ ሌላ ጉረኛ ቢኖር እሱ ነው። እንደ ሌሎቹ ገጣሚዎች «ስንት አለህ?» ብሎ አይጀምርም። ስደርስ ቆጮ በጎመን እየበላ ነበር፤ ሳህኑን ገፋ አደረገና መረመረኝ።

«ምን ትሰማለህ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም የሚበላ ሰው ሆዱን ያመዋል። ሬጌ ነው? ጭፈራ ነው? ትዝታ ነው? የባስ ሳጥን እንደ ጫማ ነው፣ በልክ ነው የሚሠራው። እኔ ያለልክ አልሠራም፤ ስሜ አለ።»

ከዚያ አስተማረኝ። ዙሪያው ግጥም ተደርጎ የተዘጋ ሳጥን ድምፁ ቁጥብ ነው፤ ከበሮው ሲመታ «ድም» ይልና እዚያው ያበቃል፤ ለፈጣን ጭፈራ የሚሆነው እሱ ነው። ፊቱ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት የሚተነፍስ ሳጥን ደግሞ አለ። ከማል ቀዳዳውን «ጉሮሮ» ነበር የሚለው። ባለ ጉሮሮው ድምፁ ረጅም ነው፤ ይንከባለላል፤ ለሬጌ፣ ቀስ ላለ ነገር ይስማማል። ስፒከሩም እንዲሁ ነው፤ ትንሹ ቀልጣፋ፣ ትልቁ ሰነፍ ግን ጉልበተኛ።

«ለሴት የሚሆነው የቱ ነው?» አልኩት።

«ሴትየዋ ምን ትሰማለች?»

«አይሰማትም።»

«እንግዲያው ሐኪም ቤት ውሰዳታ፤ እኔ ጋ ምን አመጣህ?»

ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ከማል በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ እውነት የነበረችው ያቺ ቀልድ ብቻ ነች። ያኔ ግን ማን ልብ ብሎ። በሱቁ ውስጥ ትልቁን ስፒከርና ትልቁን ሳጥን አሳየኝ አልኩት። ጉሮሮው ድመት የሚያሳልፍ፣ ቁመቱ ከኋላ ወንበር ሥር የማይገባ፣ ስለዚህ ወንበሩ ከፍ መደረግ የነበረበት ሳጥን ነበር። ረዳቴ ደሳለኝ፣ በዕድሜ ከኔ የሚበልጥ፣ የልጆች አባት፣ በምንም ነገር መልካም የማይታየው ሰው፣ ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«የሬሳ ሳጥን ነው» አለ። «ለአጭር ሰው።»

«ይሄ ቀስ ላለ ሙዚቃ ነው» አለኝ ከማል በበኩሉ። «አንተ ደግሞ ችኩል ነህ። አትስማሙም።»

«ግጠመው» አልኩት።

ገጠመው። ስከፍተው የፊት መብራቴ ይፈዛል፤ ክላክስ ስነካ ክላክሱ እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ዲናሞው ለሁለቱ አልበቃም። ግድ የለኝም።

የመጀመሪያው ጠዋት ሐምሌ ነበር፤ እየዘነበ ነው። ሴቶቹ ከነብናኛቸው ሮጠው ገቡ። የሺ ጋቢና ገባች። ከፋብሪካው በር ሃምሳ ሜትር ሳልርቅ የሬጌ ካሴት ከተትኩና ለቀቅኩት። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ዕለት ዝናቡ ራሱ ወደ ጎን የዘነበ መሰለኝ። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ የበሩ እጀታ ለብቻው ይዘፍናል፤ ጣሪያው ላይ የለጠፍኩት «ትዕግሥት የሌለው ይውረድ» የሚል ጥቅስ ተላቆ እትዬ ብርቄ ጭን ላይ ወደቀ። እትዬ ብርቄ የሽመና ክፍሉ ታላቅ ነበሩ፤ ገና የድሮው መንግሥት ሳይወድቅ ጀምሮ እዚያ የሠሩ።

በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ሴቶቹ ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከኔ ባስ በላይ የሚሰማ የሰው ድምፅ የለምና ድምፃቸው አይሰማም፤ ግን ከንፈራቸው አያርፍም። እጃቸውም በአየር ላይ ነው። አንዷ ሁለት ጣቷን ትቀስራለች። አንዷ ሆዷ ላይ መዳፏን ታዞራለች። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ መንገዱ ይወረውራሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሏቸዋል።

«አየህ?» አልኩት ደሳለኝን ጮኼ።

«አየሁ። ሰርግ ነው።»

«እየዘፈኑ እኮ ነው። ግጥሙን ያውቁታል።»

«በእንግሊዝኛ?»

«ሬጌ ግጥም አይፈልግም። ስሜት ነው።»

የሺም ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ኋላ ወደ ሴቶቹ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሁለት ጣቶቿን በግራ መዳፏ ላይ አራመደቻቸው፤ ኩስ ኩስ እያሉ ሄዱ። ጭፈራ ናት ብዬ ልቤ ቀለጠ። ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ሳሪስ ስንደርስ ሴቶቹ ሒሳባቸውን ከፍለው እሳት ከተነሳበት ቤት እንደሚወጣ ሰው እየተጋፉ ወረዱ። ደስታ ነው አልኩ፤ ሰው ደስ ሲለው ይሮጣል።

በማግስቱ አንዲት ሴት እንኳ አልመጣችም።

ሁሉም ከፋብሪካው በር ወጥተው፣ ዝናቡን ቆመው እየጠጡ፣ የጋሽ በዳሳን መኪና ይጠብቃሉ። ጋሽ በዳሳ የአቃቂ ተወላጅ ናቸው፤ ከኛ ሁሉ በፊት መንዳት የጀመሩ ሽማግሌ። መኪናቸው ከኖኅ መርከብ ጋር አብራ የተሠራች ነበረች። ቴፕ የላትም፤ ቴፕ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ያስቀምጡበታል። ደሳለኝ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ።

«ሳሪስ ሳሪስ! ባለ ሙዚቃው! ደረቁን ግቡ!»

ማንም አልዞረም። የሺ ብቻ በአጠገቤ ስታልፍ መዳፏን ጉንጯና ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ ሄደች።

«ምን አለች?» አለ ደሳለኝ።

«አልሰማም አለች። ድምፁ አንሷል ማለቷ ነው።»

ደሳለኝ በሩን ጎትቶ ዘጋ። «ካነሰ ያነሰው ሌላ ነገር ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሰው ሳምንታት አልነበሩም። እንቅልፍ ቢወስደኝ እንኳ እግሬ አልጋው ላይ ፍሪሲዮን ይረግጣል። በየሁለት ቀኑ ከማል ዘንድ ነኝ። ባለ ጉሮሮውን አስነቅዬ ዝጉን አስገጠምኩ፤ ዝጉን ጠልቼ ሁለት ትናንሽ ስፒከር አስደረደርኩ፤ እነሱን አስወጥቼ ትልቁን መለስኩ። ከማል፣ «አንተ ልጅ፣ ወይ ሚስት አግባ ወይ ጫት ቀንስ» ብሎ መከረኝ፤ ጫት ቅሜ አላውቅም። ካሴቱንም እንደዚሁ። ከሬጌ ወደ ጉራግኛ፣ ከጉራግኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ የሰርግ ዘፈን፣ አንድ ሳምንት መዝሙር። አንድ ዓርብ መንዙማ አደረግኩ፤ ድቤው በባለ ጉሮሮው ሳጥን እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም። አቃቂ ገበያ የሚነግዱ የወሎ ሽማግሌዎች ተሳፍረው እስከ ለገሃር መረቁኝ። ምርቃቱ ጥሩ ነበር። የሺ ግን አልነበረችበትም።

መኪናዬ ሁልጊዜ ባዶ አልነበረችም፤ ይህን እንዳታዝኑልኝ ነው የምነግራችሁ። ተማሪው፣ ወጣቱ፣ ቂሊንጦ በኩል ግንባታ የሚሠራው ሁሉ ለባሱ ሲል ይጋፋ ነበር። እኔ ግን በዓይኔ የምፈልገው አንዲት ጋቢና ላይ የምትቀመጥ ሴት ነው፤ እሷ ደግሞ በየጠዋቱ የጋሽ በዳሳ መስኮት ላይ ራሷን አስደግፋ ታልፈኛለች።

«ጋሽ በዳሳ መተት አሠርተው ነው» አልኩ አንድ ቀን።

«መተት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ መኪናውን ያሳድሳል» አለ ደሳለኝ። በቆሎ እሸት እየጋጠ ነበር፤ ጥቂት ካሰበ በኋላ ጨመረ። «የወንድማቸው ልጅ ግን ሚስት ይፈልጋል አሉ። ሽማግሌው ጋቢና የምትቀመጠውን ሁሉ እያጠኑለት ነው።»

ይህን ሰምቼ ያደርኩት እንዴት እንደሆነ አልናገርም። በነጋታው መኪናውን ደሳለኝን አስጠብቄ፣ የአጎቴን የዝናብ ካፖርት ለብሼ፣ ኮፍያውን እስከ አፍንጫዬ አውርጄ፣ ከሴቶቹ መሃል ተሰልፌ ጋሽ በዳሳ መኪና ውስጥ ገባሁ። ማንም አላወቀኝም።

«ቢራቢሮ፣ ኮፍያህን አውልቅ፤ ውስጥ አይዘንብም» አሉ ጋሽ በዳሳ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

የደረሰኝ ቦታ ከኋላ፣ ከእትዬ ብርቄ አጠገብ ነበር። የሺ ከፊት ናት። መኪናዋ ተነሳች። እኔ ጆሮዬን አቁሜ የምጠብቀው ተአምር ነበር፤ የመጣ ነገር ግን የለም። ዝናቡ ጣሪያውን ያንኳኳል፤ የዝናብ መጥረጊያው ይንቋቋል። ጋሽ በዳሳ ጉድጓዱን ሁሉ እንደ ዘመድ በስሙ የሚያውቁት ይመስል ዞር እያሉ ያልፋሉ፤ ማርሽ ሲቀይሩ አይታወቅም። ሴቶቹ ጥቂት ጊዜ ከንፈራቸውንና እጃቸውን አንቀሳቀሱ። ያለ ሙዚቃ። ያለ አንዳች ሙዚቃ ያንኑ ያየሁትን ነገር አደረጉ። ከዚያ አንድ በአንድ አንገታቸው ወደቀ፤ የቃሊቲ አደባባይ ሳንደርስ መኪናው ሙሉ ተኝቷል።

«እትዬ ብርቄ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ምን እያደረጉ ነው?»

«ጮክ በል፤ የቀረኝ በዚህ በኩል ያለው ነው» አሉና ሌላኛውን ጆሯቸውን አዞሩልኝ። ጮክ አልኩ።

«እየተጫወቱ ነዋ። ሽመና ክፍል ውስጥ እንዲህ ነው የምናወራው። ማሽኖቹ ሲነሱ አጠገብህ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም፤ ስለዚህ በከንፈርና በእጅ ነው። ከዚያ ውጭም ያስለምዳል። እኔ ቤቴም እንዲህ ነው የማወራው፤ ባለቤቴ ጠብ እየመሰለው ይደነግጥ ነበር።»

ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ያን ዕለትስ፣ እኔ መኪና ውስጥ... ስትዘፍኑ?»

«ማን ዘፈነ?»

ከፊታችን የነበሩት ነቅተዋል መሰለኝ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ብርቄ ጥቅሱን ጭናቸው ላይ የጣልኩባቸውን ዕለት አልረሱም፤ ደስ እያላቸው አንድ በአንድ ተረጎሙልኝ። ሁለት ጣት የቀሰረችው «ሁለት ማሽን ጭኖ መጣብን» ነው ያለችው። ሆዷ ላይ መዳፏን ያዞረችው «አንጀቴን አገላበጠው»። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ የወረወሩት «ነገ ከበዳሳ ጋ» ሲሉ ነው።

«የሺስ?» አልኩ። «በመዳፏ ላይ ጣቷን ያራመደችው?»

«‹በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።›»

«በማግስቱስ ጆሮዋን ይዛ ያሳየችኝ?»

«ጆሮዋን አይደለም፣ ጉንጯን ነው። ‹መተኛት ነው የምንፈልገው› ነው። ይህንንማ ሕፃንም ያውቀዋል።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ በዳሳ ከፊት፣ በመስታወት እያዩኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ከባስ ጋር ነው ያደሩት።»

የሺ ነቅታ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ለእትዬ ብርቄ አንድ ነገር አለች፤ መኪናው ሙሉ ያለ ድምፅ ሳቀ።

«ምን አለች?»

«‹ሳጥኑን የት አስቀመጠው› ትላለች።»

ሳሪስ ስንደርስ ከሷ ኋላ ወረድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መንገድ ዳር ከሰል ላይ በቆሎ ከሚጠብሱት ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ሰጠኋት። እጄ የሚሠራው ነገር ካልተገኘለት አፌ የሚናገረውን ስለማያውቅ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። ተወው አልኩህ።»

እውነቷን ነው። ትንሽ ሄድን። የምትናገረው ፊት ፊቴን እያየች ነበር፤ ያኔ ነው ልብ ያልኩት፣ ከንፈሬን ነው የምታየው።

«ከሥራ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ» አለች። «ቀጭን ድምፅ አልፎ አይገባም። የዘፋኙን አፍ ካላየሁ ምን እንደሚል አላውቅም። ዘፈን ትቻለሁ።» በቆሎዋን ጋጥ ጋጥ አደረገች። «ያንተን ግን ሰማሁት። ሳልፈልግ። በወንበሩ በኩል መጥቶ እዚህ ገባ።» የጎኗን አጥንት አሳየችኝ።

«መጥፎ ነበር?»

«እንቅልፌን ነው የነሳኸኝ። በእረፍቴ ቀን ቢሆን ግን እንጃ፣ አላውቅም።»

ይህችን «አላውቅም» ይዤ እስከ እረፍቷ ቀን ድረስ በመሬት ላይ አልሄድኩም ብል፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ እመኑኝ።

ጠዋት ጠዋት ባሱን ዘጋሁ፤ ፍሬንም ቀስ ብዬ መያዝ ተማርኩ። ሴቶቹ ግን ቶሎ አላመኑኝም፤ መጀመሪያ እትዬ ብርቄ እንደ ሰላይ ለብቻቸው ተሳፍረው ተኝተው አዩ። በእረፍቷ ቀን የሺን ከማል ሱቅ ወሰድኳት። ከማል እንደ ልማዱ ጀመረ።

«እሺ እህቴ፣ ምን ትሰሚያለሽ?»

«ምንም» አለችው። «ክፈታቸውና ተወኝ።»

ሳጥኖቹን ሁሉ በየተራ ከፈተላት። እሷ በጆሮዋ አላዳመጠችም፤ መዳፏን ጎናቸው ላይ አድርጋ፣ ሐኪም እንደሚያደርገው፣ ዝም ብላ ቆመች። ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽን መታመሙን የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ በጆሮ ማን ይሰማዋል። ባለ ጉሮሮውን ትልቁን ነካችውና ወዲያው እጇን አነሳች። «ይሄ ይጎተታል፤ ቀበቶው የላላ ማሽን ይመስላል።» ሁለቱን ትናንሾች፣ «እነዚህ ይጣላሉ» አለቻቸው። በመጨረሻ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ማንም የማይጠይቀው ትንሽ ዝግ ሳጥን ላይ መዳፏን አሳረፈች። ቆየች። ከዚያ ፈገግ አለች፤ እኔ ፈገግታዋን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይሄ ይመታና ያቆማል» አለች። «የት እንደደረሰ አውቃለሁ።»

«እሱን ለሽያጭ አላወጣሁትም ነበር» አለ ከማል፤ እንደተበለጠ ሰው አኩርፏል። ሆኖም ገጠመልን። ከጋቢናው ወንበር ሥር፣ ከሷ በታች።

እሑድ እሑድ ወደ ዱከም መንገድ ይዣት እወጣ ነበር። ጤፉ በሁለቱም ወገን አረንጓዴ ነው፤ ቆይቶ ቢጫ ሆነ፤ ቆይቶ ታጨደ። እሷ ምቱን ከወንበሩ ትቀበላለች፣ እኔ ደግሞ ዘፋኙ የሚለውን በከንፈሬ እደግምላታለሁ። ካላየችኝ አይገባትምና ዞር ብላ ታየኛለች። እንግዲህ ባስ ባስገጥም ዞር ብላ ታየኛለች ብዬ የተመኘሁት ደረሰልኝ፤ በሌላ በር ገብቶ ቢሆንም። ዘፈን በተለወጠ ቁጥር ግጥም መሸምደድ ነበረብኝ። የማላውቀውን ፈጥሬ እሞላለሁ፤ አንዳንዱ ዘፋኝ በኔ አፍ በሕይወቱ ያላሰበውን ፍቅር ተናግሯል። የሺ እስከ ሰርጋችን ቀን ድረስ የዚህ አገር ዘፋኞች ሁሉ «ቢራቢሮ ጎበዝ ልጅ ነው» እያሉ የሚዘፍኑ ይመስላት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ፣ በልጄ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ይህን ሁሉ ነበር። እያሰብኩ ባሱ ከእግሬ ሥር ተነሳ፤ በወንበሩ በኩል ጎኔ ውስጥ ገባ። ቀስ ያለ፣ የሚንከባለል። ራሴን በምቱ ልክ ነቀነቅኩ። ጣቴን ጉልበቴ ላይ መታሁ። ጊዜ ወስጄ አዳመጥኩና ዓይኔን ሳልገልጥ ፍርዴን ሰጠሁ።

«ባለ ጉሮሮ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ይጎተታል። አንተ ደግሞ ችኩል ነህ፣ አትስማሙም። ዝጉን አስገጥም። ድምፁንም ትንሽ ቀንሰው፣ ጎረቤት አለ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ልጄ መሪውን ይዞ እያየኝ ነው፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እኔም ከንፈሩን አነበብኩ።

«አባዬ፣ ገና አልከፈትኩትም።»

የሺ በረንዳው ላይ ቆማ ታየን ነበር። ሁለት ጣቶቿን በመዳፏ ላይ አራመደችልኝ፤ እንደ ድሮው «በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ማለቷ ነው።

ግራ ጆሮዬ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲል የምቆመው በመስታወት አፉን አይቼ ነው፤ ከቤተሰቤ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም፣ አሁን እናንተም አወቃችሁ። ያን ዕለት ራሴን እየነቀነቅኩ ያጣጣምኩት ባስ ደግሞ አሸዋ ጭኖ በደጃችን የሚያልፍ ገልባጭ መኪና ነበር።